የረሱንን ወላጆች አለመርሳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በግእዝ ቋንቋ በጆሮ ሲሰሙ አንድ የሚመስሉ፥ በፊደልና በምሥጢር ግን የሚለያዩ ሁለት ግሦች አሉ። አንደኛው በንጉሡ ሠና በአልፋው አ የሚጻፈው «ረሥአ» ነው፤ ትርጓሜውም አረጀ፥ ሸመገለ ማለት ነው። ሁለተኛው በእሳቱ ሰና በዓይኑ ዐ የሚጻፈው «ረስዐ» ነው፤ ትርጓሜውም ረሳ፥ ዘነጋ ማለት ሲሆን፥ ፈጣሪውን የዘነጋ ዓመፀኛ ሰው «ረሲዕ» የሚባለው ከዚሁ ግሥ ወጥቶ ነው። በጉባኤ ቤት አንድ ደቀ መዝሙር የእነዚህን የሁለቱን ፊደል አሳስቶ ቢጽፍ መምህሩ ቸል አይለውም፤ ሽማግሌውን ዓመፀኛ፥ ዓመፀኛውን ሽማግሌ ያደርጋልና።

በጉባኤ ቤት የሚታረመው ይህ ስሕተት ግን በየቤታችን ሳይታረም ይኖራል። አባት ወይም እናት በሸመገሉ ጊዜ የልጃቸው ስም ቢጠፋቸው፥ በልተው ሳለ አልበላሁም ቢሉ፥ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ቢሉ፥ ከቤተ ሰቡ አንዳንዱ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ይተዋቸዋል። ሌላውም «የሠሩት ኃጢአት ቢኖር ነው» ወይም «መንፈስ ቢጠናወታቸው ነው» ብሎ ይፈርድባቸዋል። የፊተኛው እርጅናን ሁሉ መርሳት ያደርገዋል፤ የኋለኛውም መርሳትን ሁሉ ዓመፅ ያደርገዋል። ሁለቱም ፊደል አሳስተዋል።

ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን ይህ ድካም ምን እንደ ሆነ፥ ቅዱሳት መጻሕፍትም ስለ እርሱ ምን እንደሚያስተምሩን በአጭሩ ከተናገርን በኋላ፥ ይልቁንም ወደ አንድ ነገር እናተኩራለን። ይኸውም የዛሬውን ነገር መያዝ ያቃታቸው ወላጆቻችን የቀደመውን ዘመናቸውን ይዘው የሚቆዩ ስለ ሆነ፥ በዚያ በር ወደ እነርሱ መግባት እንዲቻልና እንዲገባም ለማስረዳት ነው።

የበሽታው ጠባይ

ሕዝባችን «ጃጀ» እያለ የሚናገርለትን ይህን ድካም ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል፤ የመርሳት በሽታ ማለት ነው። አንጎል በበሽታ ሲጎዳ የሚመጣ ነው እንጂ የዕድሜ ብቻ ሥራ አይደለም። ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው መዝሙረ ዳዊትን ሳያሳስቱ የሚደግሙ፥ የልጅ ልጆቻቸውንም በየስማቸው የሚጠሩ አረጋውያን መኖራቸው ለዚህ ምስክር ነው። ከበሽታው ዓይነቶች የሚበዛው አልዛይመር የሚባለው ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 የአንዲት ታማሚ አንጎል ከሞቷ በኋላ መርምሮ ለሐኪሞች ጉባኤ ካስረዳው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በዚሁ አቆጣጠር በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው፤ ከእነርሱም ከመቶ ስድሳ የሚበልጡት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። እንግዲህ ይህ የሩቅ አገር ሰዎች ጭንቀት ብቻ አይደለም፤ በጎረቤታችን፥ ምናልባትም በቤታችን ያለ ነው።

ይህን በሽታ የሚመስሉ፥ ነገር ግን ሊታከሙ የሚችሉ ሌሎች ድካሞችም መኖራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሥራው ሲደክም፥ ቫይታሚን ቢ 12 የሚባለው በሰውነት ውስጥ ሲያንስ፥ ጽኑ ትካዜ ሲበረታ፥ የሚወሰደው መድኃኒት ሳይስማማ ሲቀር ሰው የሚረሳና የሚደናገር ይሆናል። ይልቁንም ትናንት ደኅና የነበረ ሽማግሌ ዛሬ በድንገት መቃዠት ቢጀምር ሌላ ሕመም ይዞት ይሆናልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ጠበልና ሐኪም ጠላቶች አይደሉም። ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ አስተምሮናል።

የዚህን መርሳት አካሄድ በሚመለከት ቴዎዱል ሪቦ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1881 ስለ ትዝታ ሕመም በጻፈው መጽሐፍ ያመለከተው ነገር ለትምህርታችን መሠረት ይሆነናል። መርሳት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቅርቡ ነው፤ ወደ ሩቁ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ጎርፍ በመጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚወስደው ከላይ ያለውን ልል አፈር እንደ ሆነ፥ ከሥር ያለው ዐለት ግን እንደሚዘገይ፥ እንዲሁ የዛሬ ጠዋቱ ቁርስ ሲጠፋ የሕፃንነቱ መንደር ይቆያል፤ ትናንት የተዋወቁት ሰው ሲረሳ ፊደል ያስቈጠሩት መምህር ይታወሳሉ። ይልቁንም ሰው ከአሥር ዓመቱ እስከ ሠላሳ ዓመቱ ያየውና የሠራው በአእምሮው ጠልቆ እንደሚቀር የአእምሮ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ከቃል ትዝታም ይልቅ እጅ የለመደው ሥራና በዜማ የተያዘ ነገር ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ይህን በአገራችን ዘመን ብንቆጥረው፥ በ1938 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱ አባት ጠልቆ የቀረላቸው ዘመን ከ1948 እስከ 1968 ዓ.ም. ድረስ ያለው ነው። ምናልባት ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙበትን ወራት፥ ምናልባትም የ1966 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ የመጣበትን ጊዜ ያስታውሱ ይሆናል። የገጠር ሰው ቢሆኑ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስታውሱት መጀመሪያ የጠመዱትን በሬ፥ የሠርጋቸውን ቀን፥ ሠፈራቸው ውኃ ይቀዳበት የነበረውን ምንጭ ይሆናል። የነገሥታቱ ታሪክና የሰው ታሪክ ልዩ ልዩ ነውና።

የመጻሕፍት ትምህርት

አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ ወላጆቹ ልጃቸውን እስካወቁ ድረስ ብቻ የሚል ወሰን የለውም። መጽሐፈ ሲራክ አባትን በሽምግልናው መርዳት እንዲገባ ካስተማረ በኋላ አእምሮው ቢጎድል እንኳ ልጁ እንዲታገሠው፥ በጉልበቱ ታምኖም እንዳይንቀው ይመክራል (ሲራ. 3፥12–13)። ብዙ ዘመን የቆየ በሽታ መሆኑንና ትእዛዙም አስቀድሞ የተሰጠ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የኖኅን ልጆች ነገር እናስታውስ (ዘፍ. 9፥20–27)። ኖኅ በወይን ጠጅ ራሱን ስቶ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ካም አይቶ ለወንድሞቹ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ይዘው የኋሊት ሄደው አለበሱት። ኖኅ ራሱን የሳተው በወይን ነው፤ የእኛ ወላጆች ግን በበሽታ ነው፤ ምክንያቱ ይለያያል፥ የልጆች ፈንታ ግን አንድ ነው። አባቱ ያለ ቦታው ተናገረ ብሎ በእንግዳ ፊት የሚስቅ፥ እናቱ የተሳሳተችውን በየቡና ሰዓቱ እንደ ቀልድ የሚያወራ ሰው የካምን ሥራ ይሠራል። በአሁኑ ጊዜማ የወላጁን መደናገር በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለማያውቀው ሰው ሁሉ የሚያሳይ ተነሥቷል። ሴምና ያፌት ያለበሱት ልብስ ነበር፤ እኛ ወላጆቻችንን የምናለብሳቸው ልብስ የቀደመ ታሪካቸው ነው። «ይህ ሰው ማን እንደ ነበረ» የሚያውቅ ልጅ፥ ራቁታቸውን በቀሩ ጊዜ ክብራቸውን መልሶ ያለብሳቸዋል።

ገለዓዳዊው ቤርዜሊም ትምህርት ይሆነናል (2ኛ ሳሙ. 19፥31–39)። ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ወስዶ በቤተ መንግሥት ሊያኖረው በወደደ ጊዜ ቤርዜሊ ሰማንያ ዓመት እንደ ሆነው፥ መልካሙንና ክፉውን ለመለየት፥ የሚበላውንና የሚጠጣውን ለማጣጣም፥ የዘፋኞችንም ድምፅ ለመስማት እንደ ደከመ ተናግሮ፥ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ እንዲሞት ወደ ከተማው ይመለስ ዘንድ ለመነ። ዳዊትም አልተከራከረውም፤ ስሞ ባርኮ አሰናበተው። ዛሬ ወላጆቻችን «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። ቤት የሚሉት የድንጋዩን ግድግዳ አይደለም፤ የታወቁበትንና የተወደዱበትን ስፍራ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የኤማሁስን መንገድ እንመልከት (ሉቃ. 24፥13–35)። ጌታችን ከተነሣ በኋላ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት መንገድ ሙሉ ከእርሱ ጋር ሲነጋገሩ አላወቁትም ነበር። እርሱም «እኔን አታውቁኝምን?» ብሎ አልጀመረም። እነርሱ በሚሄዱበት መንገድ አብሯቸው ሄደ፥ የሚነጋገሩትን ጠየቃቸው፥ ያዘኑበትን እንዲነግሩት ፈቀደ። በማዕድ ተቀምጦ ኅብስቱን አንሥቶ ባርኮ በቈረሰላቸው ጊዜ ዓይኖቻቸው ተከፈቱ። ይህ ታላቅ ምሥጢር ስለ በሽታ የተነገረ አይደለም፤ ነገር ግን የፍቅር መምህር እንዴት እንደ ቀረባቸው እናይበታለን። ፊቱን ያላወቁት የሚያውቁትን ሥራ በሠራ ጊዜ አወቁት።

በትዝታ በር እንዴት እንደሚገባ

አንደኛ፥ ወላጆቻችንን አንፈትናቸው። በአገራችን የታመመ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ «አወቁኝ? እስቲ ማን ነኝ?» ማለት ለምዷል። ለጤነኛ ሰው ይህ ጨዋታ ነው፤ ለታመመው ግን በየቀኑ የሚወድቅበት ፈተና ነው። ማወቅ አቅቷቸው ሲያፍሩ፥ ኀፍረታቸውም ወደ ቍጣ ሲለወጥ እናያለን። ይልቅስ ገብተን እጅ ነሥተን «እኔ የእገሌ ልጅ እገሌ ነኝ፤ ልጠይቅዎ መጣሁ» እንበል። ስማችንን እኛ ብንነግራቸው የሚጎድልብን ነገር የለም። ሲሳሳቱም ቃል በቃል አናርማቸው፤ የምንፈልገው እውነተኛ ቀን መቍጠራቸውን አይደለም፥ ከእኛ ጋር መሆናቸውን ነው።

ሁለተኛ፥ ታሪካቸውን አስቀድመን እንወቅ። አንድ ልጅ አባቱን የሚያውቀው አባት ሆኖ ነው፤ አባቱ ግን አባት ከመሆኑ በፊት እረኛ፥ ተማሪ፥ ወታደር፥ ነጋዴ ነበር። ስለዚህ አንድ ደብተር እናዘጋጅ። የተወለዱበትን መንደር፥ የተጠመቁበትን ደብርና የክርስትና ስማቸውን፥ በልጅነታቸው የተጠሩበትን የቤት ስም፥ ያስተማሯቸውን መምህር፥ የእጃቸውን ሥራ፥ የሚወዱትን በዓልና ዜማ፥ የጓደኞቻቸውን ስም፥ ያዘኑበትንም ነገር እንጻፍበት። የማናውቀውን ከአክስት፥ ከአጎት፥ ከአሮጌ ባልንጀራ እንጠይቅ። የምናውቃቸው ወላጆቻችን ገና ደኅና ከሆኑ ደግሞ ዛሬውኑ ከራሳቸው አፍ እንስማ፤ ኦሪት የቀደመውን ዘመን ከአባትህ ጠይቅ ብላ ያዘዘችው (ዘዳ. 32፥7) አባት ሊነግር በሚችልበት ጊዜ ነውና። የምንጠይቀው ሰው አጠገባችን ሳለ ዝም ብለን በመቃብሩ ላይ የሕይወት ታሪክ ማንበብ ምን ይጠቅማል?

ሦስተኛ፥ ለእጃቸው ሥራ እንስጥ። ስትፈትል የኖረች እናት ባዘቶና እንዝርት ቢሰጧት የዛሬውን ቀን የማታውቀው እጇ ሥራውን ያውቃል። ስፌት የለመደችም ስንደዶና አክርማ ስትይዝ ጣቷ ይታዘዛታል። ገበሬውን እህል እንዲያበጥርና ዘሩን እንዲለይ፥ ካህኑን መስቀሉን ወይም መቋሚያውን እንዲይዝ እናድርግ። ቡና ሲቈላ፥ ቄጠማ ሲጎዘጎዝ፥ ዕጣን ሲጤስ ሽታው ብቻውን ብዙ ዘመን ይዞ ይመጣል። ሥራው ያማረ ባይሆን አንንቀፈው፥ ፈትሉንም በፊታቸው አንፍታው። ከእሳትና ከስለት ግን እንጠብቃቸው።

አራተኛ፥ ለአንደበታቸው ጸሎታቸውን እንመልስላቸው። በልጅነት በቃል የተያዘ ንባብና ዜማ ጠልቆ የሚቀመጥ ነው። አንድ የዜማ መምህር እናውቃለን። ልጃቸውን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» እያሉ በየጊዜው ይጠይቁት ነበር፤ «የእርስዎ ነኝ» ባላቸው ጊዜም አልታወሳቸውም ነበር። በአንድ ቀን ልጁ ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀምጦ በልጅነቱ ከእርሳቸው የተማረውን የጾመ ድጓ ዜማ ቀስ ብሎ ጀመረ፤ ከመንገዱም ጥቂት ቢወጣ አረጋዊው ቀና ብለው «ተው፤ እንዲህ አይደለም» ብለው በእጃቸው እያመለከቱ አቀኑት። ከዚያ ወዲህ ልጁ በየማታው የኔታ እያለ ይቀርባቸዋል፤ እርሳቸውም ያስተምሩታል። ልጅ ሆኖ ሊገባበት ያልቻለውን በር ደቀ መዝሙር ሆኖ ገባበት። እንዲሁም ምእመናን ሁሉ ከወላጆቻቸው ጋር አባታችን ሆይን፥ የየዕለቱን ውዳሴ ማርያም፥ የሚወዱትን መዝሙር ይጀምሩ፤ ጥቂትም ይቈዩ። ቢቀበሏቸው መልካም ነው፤ ባይቀበሏቸውም ራሳቸው ይፈጽሙት እንጂ «እንዴት ጠፋዎት» አይበሉ።

አምስተኛ፥ በሚኖሩበት ዘመን እንገናኛቸው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት «እናቴ ወዴት ናቸው?» ብለው ቢጠይቁ ምን እንመልሳለን? «ሞተዋል እኮ!» ብንል ሐዘኑን እንደ አዲስ ይሰሙታል፤ ረስተው ሲጠይቁም በየቀኑ መርዶ እናረዳቸዋለን። «አሁን ይመጣሉ» ብንል ደግሞ ሐሰት ይሆናል፥ ሐሰትም ለክርስቲያን አይገባም። በመካከል ያለው መንገድ ለናፍቆታቸው መልስ መስጠት ነው። «ናፈቁዎት? እናትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ምን ያበስሉልዎት ነበር?» ብለን ብንጠይቃቸው ሐሰት አልተናገርንም፥ ልባቸውንም አላቈሰልንም። ጥያቄያቸው የቃል ብቻ አይደለም፤ «ብቻዬን ነኝን?» ማለት ነው። ለዚያ ጥያቄ «አይደሉም፤ እኔ አለሁ» የሚለው መልስ ሁልጊዜ እውነት ነው።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ያለፈ ዘመን ሁሉ የደስታ ዘመን አይደለም። በዚህ በኛ አገር ጦርነትን፥ የ1977ን ረኃብ፥ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የወረደውን ቀይ ሽብር ያዩ፥ ልጃቸውን ቀብረው ወይም ሳይቀብሩ የቀሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። በትዝታ በር የሚገባ ሰው እንዲህ ያለው ጓዳ ቢከፈት ሊደነግጥ አይገባም። አንጎትጉት፤ ቢያለቅሱም አንሽሽ። እጃቸውን ይዘን አብረን እንቀመጥ፤ ሲረጋጉም ቀስ ብለን ወደ ሌላ ነገር እንመልሳቸው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የከበደ ነው። ይስሐቅ ሸምግሎ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ያዕቆብ የዔሳውን ልብስ ለብሶ፥ እጁንና አንገቱንም በጠቦት ቆዳ ሸፍኖ በረከቱን ወሰደ (ዘፍ. 27)። እግዚአብሔር ያሰበው ባይቀርም ያዕቆብ የዘራውን አጭዷል፤ እርሱም በተራው በላባ ተታሏል፥ በሽምግልናውም ልጆቹ በደም የተነከረ ልብስ አሳይተው አታለውታል። የወላጁን የትዝታ በር አውቆ የሚገባ ልጅ እንደ ቀጣፊም ሊገባበት ይችላል፤ «የሚወዱት ልጅዎ እኔ ነኝ» እያለ ቤትና መሬት የሚያስፈርም፥ ወንድሞቹንም ከርስት የሚያስወጣ ሰው አይጠፋም። አእምሮው ከደከመ ሰው ላይ የተወሰደ ፊርማ በሰው ዘንድ ቢጸና እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ ስርቆት ነው። የኑዛዜና የንብረት ነገር ሽማግሌው ደኅና ሳለ፥ ልጆች ሁሉ ባሉበት፥ በምስክር ፊት ይፈጸም።

ሦስተኛ፥ ወላጆቻችንን እንደ ሕፃን አናድርጋቸው። ቢያጎርሷቸውና ቢያለብሷቸውም አባት አባት ነው፥ እናትም እናት ናት። «እርስዎ» ይባሉ የነበሩ «አንተ» አይባሉ፤ የኔታ ወይም እትዬ ይባሉ የነበሩም ስማቸው አይቀነስ። እነርሱ ባሉበት ስለ እነርሱ እንደሌሉ አድርገን አንነጋገር።

አራተኛ፥ ከዚህ ሥራ የማይገኝ ነገር አንጠብቅ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ሮበርት በትለር የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ሽማግሌዎች ያለፈ ዘመናቸውን ደጋግመው ማንሣታቸው ከንቱ ልፍለፋ አለመሆኑን፥ ሕይወታቸውን የሚመረምሩበት መሆኑን ከጻፈ ወዲህ፥ በብዙ አገር ታማሚዎችን በትዝታቸው የመርዳት ልማድ ተስፋፍቷል። በ2018 22 ጥናቶች አንድ ላይ ተመርምረው የተገኘው ውጤት ግን ጥቅሙ ትንሽና ከቦታ ቦታ የሚለያይ መሆኑን አሳይቷል። በሽታውን አያድንም። ዛሬ የሳቁበትን ጨዋታ ነገ አያስታውሱትም፤ የጠየቃቸውንም ሰው ገና ከደጅ ሳይወጣ ይረሱት ይሆናል። ነገር ግን ሐኪሞች እንደ ተመለከቱት የመጣው ደስታ ምክንያቱ ከተረሳ በኋላም በልብ ውስጥ ይቆያል፤ የመጣው ሐዘንም እንዲሁ። እንግዲህ «አያስታውሱኝምና ብሄድ ምን ይጠቅማል» የሚል ሰው ተሳስቷል። ጉብኝቱ ቢረሳም ሰላሙ ይቀራል።

የካህናትና የምእመናን ድርሻ

የንስሐ አባት የንስሐ ልጁ መርሳት ሲጀምር ቢያይ ነገሩን ነገ ዛሬ ሊል አይገባም። ሰውዬው ገና ኃጢአቱን አስቦ ለመናዘዝ በሚችልበት ጊዜ ይቅረበው። ከዚያም ድካሙ ሲጸና ስለ ጾምና ስለ ሥጋ ወደሙ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በገዛ ፈቃዱ ከሚወስን የንስሐ አባትን ይጠይቅ፤ ሕመምተኛ ከጾም ሸክም እንዲያርፍ ቤተ ክርስቲያን የምትፈቅድ ናት። ካህኑ ሲጎበኝ ረጅም ተግሣጽ አያስፈልግም፤ መስቀል ማሳለም፥ የሚያውቁትን አጭር ጸሎት አብሮ ማድረስ፥ በክርስትና ስማቸው መጥራት ይበቃል። መስቀል ሲቀርብለት ግንባሩን ዝቅ የሚያደርግ ሽማግሌ፥ አፉ ያላለውን ሰውነቱ ሲመሰክር እናያለን።

ምእመናንም የአስታማሚውን ሸክም ይመልከቱ። በብዙ ቤት ይህ ሁሉ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በምራት ላይ ነው። ሌሊት አትተኛም፥ ቀን አታርፍም፥ ጽዋ ማኅበሯንና ቅዳሴዋን ትታ ትቀራለች፤ አንዳንድ ጊዜም ትዕግሥቷ አልቆ ትቈጣለች፥ ከዚያም በቍጣዋ ታለቅሳለች። ወንድሞቿ በዓመት አንድ ቀን መጥተው «እንዲህ አድርጊ፥ እንዲያ አድርጊ» ብለው ከሚሄዱ አንዷን እሑድ ተቀብለዋት እርሷ ትቈርብ። እድርተኛውም ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የሚሰበሰበውን ያህል፥ ሰው በሕይወት ሳለ ተራ ገብቶ ግማሽ ቀን ቢቀመጥላት ምን ያህል ጽድቅ ነው! ከሽማግሌው ጋር ያደገ ባልንጀራ ቢኖር ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ እርሱ ነው፤ የአንዱን ትዝታ ሌላው ይዟልና።

በባሕር ማዶ ላሉት ወገኖቻችን ደግሞ ይህ ነገር ሌላ ጭንቀት አለበት። በሸመገሉ ጊዜ የተማሩትን የባዕድ ቋንቋ በሽታው አስቀድሞ ሊወስደው ስለሚችል፥ በዋሽንግተን ወይም በለንደን የሚኖሩ እናት ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ብቻ ይመለሱ ይሆናል። ባዕድ አስታማሚ ካለ ውኃ፥ እንጀራ፥ ሕመም፥ ጸሎት የሚሉትንና የመሳሰሉትን ጥቂት ቃላት፥ የበዓልና የጾም ቀኖችንም ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል። አማርኛ የማያውቁ የልጅ ልጆችም ቢሆኑ ከአያታቸው ጋር አንዲት መዝሙር ቢማሩ በመካከላቸው መንገድ ይከፈታል።

እንግዲህ ነገራችንን እንፈጽም። «ተዝካር» የምንለው ቃል «ዘከረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ መታሰቢያ ማለት ነው። ሰው በሞተ በአርባኛው ቀን ካህናቱን ሰብስበን፥ ነዳያኑን መግበን ስሙን በጸሎት እናስባለን። ይህ የተቀደሰ ሥርዐት ነው፥ አይነቀፍም። ነገር ግን ሰው በሕይወት ሳለ ራሱን ማስታወስ ያቃተው ጊዜ እርሱን ማስታወስ በእኛ ላይ የወደቀ አይደለምን? ለሞተው ብዙ ብር አውጥተን ተዝካሩን ስናወጣ፥ በጓዳ ተቀምጦ ማን እንደ ነበረ የሚነግረው ሰው ያጣውን ሕያው አንርሳ። ወላጆቻችን እኛን በማናስታውስበት ዘመን ተሸክመውናል፤ መቼ ጥርስ እንዳበቀልን፥ መቼ እንደ ተራመድን የያዙልን እነርሱ ነበሩ። ዛሬ የእነርሱን ዘመን እኛ ብንይዝላቸው ዕዳ መክፈል ነው።

የሰው ክብር በገዛ አእምሮው ላይ የቆመ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ እናት የወለደችውን ብትረሳ እንኳ እግዚአብሔር እንደማይረሳ፥ ሕዝቡንም በመዳፉ እንደ ቀረጻቸው ነግሮናል (ኢሳ. 49፥15–16)። የራሱን ስም የረሳ ሽማግሌ ስሙ በእግዚአብሔር ዘንድ ተጽፏል፤ ጥምቀቱ አልጠፋም፥ ሜሮኑ አልደረቀም። እኛ የምናደርገው ይህ ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር ያልረሳውን ሰው እኛም አለመርሳት። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ወላጆቻችን ስንገባ «አወቁኝ?» አንበላቸው፤ እኛ እናውቃቸዋለንና ያንን እንንገራቸው።

አረጋውያኑን በጤና፥ አስታማሚዎቹን በትዕግሥት ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።